ሳልሞኑ የተያዘው የት ነው?
ስለ ሰሜን ፓስፊክ ዓሣ አጥማጅ ሕዝቦች የተሰጡ አስተያየቶች ሲመረመሩ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በክፍላችን የውይይት ሰዓት ስለ ሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ነባር ሕዝቦች ስንነጋገር፣ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «እነዚያ ሰዎች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ሳይጨርሱ ብዙ ሺህ ዓመት የኖሩት ቁጥራቸው ጥቂት፣ መሣሪያቸውም ደካማ ስለ ነበረ ነው፤ ቢቻላቸው ኖሮ እነርሱም ያጠፉት ነበር» አለ። ክፍሉ ዝም አለ። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ነገሩ እውነት ስለ መሰለኝ አይደለም፣ የምመልስበት ማስረጃ በእጄ ስላልነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤተ መጻሕፍታችን ያለውንና ከመምህራን በውሰት ያገኘሁትን ሳነብ ቆይቻለሁ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዘገየ መልስ ነው። መልሱ ግን ለጓደኛዬ ብቻ አይደለም፤ እርሱ የተናገረው አንዳንድ የታወቁ ሊቃውንት ከጻፉት ብዙ የራቀ አለመሆኑን በኋላ ተረድቻለሁና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ተራ የክፍል ክርክር እንዳይመስል አንድ ነገር ላስቀድም። አንድ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ያቆየውን ሀብት «ያቆየው አቅም ስላጣ ነው» ብለን ከፈረድን፣ በዚያ ሀብት ላይ ያለው መብትም አብሮ ይወድቃል፤ ምንም ያልደከመበትን ነገር «የእኔ ነው» ብሎ ሊሟገት አይችልምና። ይህም በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አሳብ አይደለም። በዚሁ አሳብ የተነሣ አጥር ፈርሷል፣ ሰዎችም ታስረዋል። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ዓሣውን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ሳልሞንን ያወቅሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በመምህራኑ ዕቃ ቤት በተደረደረ ቆርቆሮ ላይ ተሥሎ ነው፤ የቆርቆሮው ሥዕል ግን ስለ ዓሣው ኑሮ ምንም አይነግርም። በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ጠረፍ አምስት ዓይነት ሳልሞን ይገኛል፤ ስማቸውም ቺኑክ፣ ሶክአይ፣ ኮሆ፣ ፒንክና ቻም ይባላል። ሁሉም የሚፈለፈሉት ቀዝቃዛና ንጹሕ በሆነ ውሃ ሥር፣ በጠጠር መካከል ከተቀበረ እንቁላል ነው። ከተፈለፈሉ በኋላ እንደ ዓይነታቸው አንዳንዶቹ ሳይዘገዩ፣ አንዳንዶቹ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በወንዝና በሐይቅ ቆይተው ወደ ውቅያኖስ ይወርዳሉ። እዚያም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያህል ይኖራሉ፤ ከሰውነታቸው ክብደት ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ የሚበልጠውን የሚያገኙት ከባሕር ነው። ከዚያም ወደ ተወለዱበት ወንዝ ይመለሳሉ። በጉዟቸው መጨረሻ የገዛ ወንዛቸውን የሚለዩት በማሽተት መሆኑን አርተር ሀስለርና የሥራ ባልደረቦቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ምርምር አሳይተዋል። ወደ ወንዙ ከገቡ በኋላ መብል አይቀምሱም፤ እንቁላላቸውን ጥለው ይሞታሉ።

ሞታቸውም ለአገሩ ትልቅ ጥቅም አለው። የሰሜን ቀዝቃዛ ወንዞች በራሳቸው ምግብ የሚጎድላቸው ሲሆኑ፣ ባሕሩ ግን ባለጸጋ ነው። ሳልሞኑ የባሕሩን ብልጽግና ተሸክሞ ወደ ተራራው ይወጣል። ድብ ዓሣውን ይዞ ወደ ጫካ ይገባል፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ይተወዋል፤ ቶማስ ራይምኬን የተባለ የሥነ ሕይወት ተመራማሪም ከባሕር የመጣውን ናይትሮጅን በወንዝ ዳር ከበቀሉ ዛፎች ውስጥ አግኝቶታል። ኤኮሎጂ የሚባለው ትምህርት ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከመኖሪያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠና ከሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ለማግኘት የሚቻል አይመስለኝም።

ለክርክራችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ገባር ወንዝ የራሱ የሆነ የሳልሞን ዘር አለው። በባሕር ሳሉ የብዙ ወንዞች ዓሣ ተደባልቆ ይዋኛል፤ በትልቁ ወንዝ አፍ ሲደርሱም ገና ድብልቅ ናቸው። ወደ ላይ በወጡ መጠን ግን የመንደር ከብት በማታ ወደየበረቱ እንደሚለያይ እንዲሁ ይለያያሉ። ስለዚህ በባሕር መረቡን የሚጥል ሰው የየትኛውን ወንዝ ዓሣ እንደ ገደለ አያውቅም። ከላይ፣ በገባሩ ወንዝ ላይ የሚያጠምደው ያውቃል። የያዘውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም በዓይኑ ያያል።

ስለነዚህ ሕዝቦች የተጻፈውን ሳነብ ሦስት ዓይነት አስተያየት አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው አሮጌ ስለ ሆነ በአጭሩ እናገረዋለሁ። ይኸውም «ተፈጥሮ ለጋስ ስለ ነበረች ሕዝቡ ሳይደክም ጠገበ፤ ጥጋቡም ትላልቅ የእንጨት ቤቶችን፣ የመኳንንትን ማዕርግና ፖትላች የተባለውን ታላቅ የስጦታ ግብር አስገኘ» የሚል ነው። ይህን አስተያየት ዌይን ሰትልስ በ1960ና በ1968 ባወጣቸው ጽሑፎች በሚገባ ተቃውሞታል። ብልጽግናው በቦታ፣ በወራትና በዓመታት የተለያየ እንደ ነበረ አስረዳ። በፍሬዘር ወንዝ የሶክአይ ሳልሞን እጅግ የሚበዛው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ 1901፣ 1905፣ 1909ና 1913 የጥጋብ ዓመታት ነበሩ፣ በመካከላቸው ያሉት ግን የሣሡ ናቸው። ደግሞም ዓሣው ሲመጣ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተይዞ፣ ተሰንጥቆ፣ በነፋስ ደርቆ ወይም በጢስ ታጥኖ ለክረምቱ ካልተቀመጠ ይበሰብሳል። የዓመቱን ስንቅ የሚወስነው እንግዲህ ወንዶቹ ሊይዙት የሚችሉት ሳይሆን ሴቶቹ ሰንጥቀው ሊያደርቁት የሚችሉት ነበር። ይህን «ያለ ድካም የተገኘ ጥጋብ» ያለ ሰው ዓሣ ሰንጥቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሁለተኛው አስተያየት የጓደኛዬ ነው፤ ሰዎቹ ጥቂት፣ መሣሪያው ደካማ። ሁለቱን ነጥብ ለየብቻ ማየት ይገባናል።

ስለ መሣሪያው የሚባለው በቀጥታ ስሕተት ነው። ከመሣሪያዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው የወንዝ አጥር ነበር። ከዳር እስከ ዳር እንጨት ይተከላል፣ በመካከሉ ቅርንጫፍ ወይም ፍልጥ ይታጠራል፣ በየክፍተቱም ወጥመድ ይደረጋል። እንዲህ ያለ አጥር በአንድ ገባር ወንዝ ላይ በወራቱ ሁሉ ተዘግቶ ቢቆይ አንዲት ሳልሞን ሳታልፍ ልትቀር ትችላለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር አራት ዓመት ወይም አምስት ዓመት በተከታታይ ማድረግ ያንን ዘር ፈጽሞ ለማጥፋት ይበቃል። የቆርቆሮ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ሞተርም አያስፈልግም። እንግዲያውስ ጥያቄው «ለምን አልቻሉም?» የሚለው ቀርቶ «እየቻሉ ለምን አላደረጉትም?» የሚለው ይሆናል።

ስለ ቁጥሩም ቢሆን ነገሩ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ከካናዳ ተራሮች ተነሥቶ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር በሚገባው በኮሎምቢያ ወንዝ፣ ነባር ሕዝቦቹ በዓመት የሚይዙት ሳልሞን 18 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለት ከ80 ሺህ ኩንታል በላይ ይሆን እንደ ነበር ክሬግና ሃከር በ1940 ገምተዋል። ግምት መሆኑን ልብ እንበል፤ የተገኘው የሕዝቡን ቁጥር በአንድ ሰው ፍጆታ በማባዛት ነው። ቢሆንም ለማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያው ወንዝ የመጀመሪያው የቆርቆሮ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1866 ሲሆን፣ የቺኑክ ሳልሞን ምርት ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰው በ1883 ነው፤ መጠኑም 43 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል፣ ማለት ወደ 195 ሺህ ኩንታል ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ምርቱ ከዚያ ከግማሽ በታች ወረደ። አንደኛው ቁጥር ሁሉንም ዓይነት ሳልሞን፣ ሁለተኛው ቺኑክን ብቻ ስለሚመለከት ንጽጽሩ ልክ በልክ አይደለም፤ ነገር ግን የነባሮቹ አያያዝ ጥቂት እንዳልነበረ ለማሳየት ይበቃል። ፋብሪካዎቹ ጫፍ ለመድረስ 17 ዓመት በቃቸው። በዚያው ወንዝ ዳልስ በተባለው ስፍራ ግን ሰዎች 9,000 ዓመት ያህል ሳልሞን ሲያጠምዱ እንደ ኖሩ ቨርጂኒያ በትለርና ጂም ኦኮነር በ2004 ከአጥንት ቅሪት አስረድተዋል። ካምቤልና በትለርም በ2010 ብዙ የቁፋሮ ስፍራዎችን አነጻጽረው፣ በ7,500 ዓመት ውስጥ የሳልሞን ድርሻ በሰዎች ብዝበዛ ምክንያት እየቀነሰ ስለ መሄዱ ምልክት አላገኙም።

እዚህ ላይ ግን ለጓደኛዬ አንድ ነገር መልቀቅ አለብኝ። ነጮቹ ሰፋሪዎች ሲደርሱ ያዩት የዓሣ ብዛት የጥንቱ ብዛት ላይሆን ይችላል። ፈንጣጣ ወደዚያ ጠረፍ የደረሰው ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፊት ነው፤ በ1830ዎቹም ወባ በታችኛው ኮሎምቢያ ከነበሩት ሰዎች ከዐሥሩ ዘጠኙን ያህል ፈጀ። ጎርደን ሂውዝ እንዳመለከተው፣ አጥማጁ ሲያልቅ ዓሣው ሳይበዛ አይቀርም። ይህ ትክክል ከሆነ በ1866 የተገኘው «ያልተነካ ተፈጥሮ» በእውነቱ የመቃብር ዝምታ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ ይህ አሳብ ጓደኛዬን ይረዳል ወይስ ይጎዳል? ሰዎቹ ሲያልቁ ዓሣው ከጨመረ፣ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ በዓሣው ላይ የሚታይ ጫና ነበራቸው ማለት ነው። ጫናው ነበረ፣ ዓሣውም አላለቀም። ጥቂትነትና ድካም ይህን ሊያስረዱ አይችሉም።

ሦስተኛው አስተያየት ከሁለተኛው ጋር የሚጣላ ነው፤ ሥርዓትንና እምነትን ያነሣል። ኤርና ጉንተር በ1926ና በ1928 የመጀመሪያውን ሳልሞን የመቀበል በዓል በየሕዝቡ እያነጻጸረች ጽፋለች። በወቅቱ መጀመሪያ የተያዘው ዓሣ በክብር ይመጣል፣ ተከፋፍሎ ይበላል፣ በብዙ ስፍራ አጥንቱ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ሳልሞን ዳግመኛ የሚመለስ የማይሞት ፍጥረት ነው ተብሎ ይታመናልና። ሾን ስዊዚና ሮበርት ሃይዘር ደግሞ በ1977 ስለ ካሊፎርኒያ ሲጽፉ ይህ ሥርዓት በእውነቱ የዓሣ አስተዳደር ነበር አሉ። በዓሉ እስኪፈጸም ማንም ስለማያጠምድ፣ በእነዚያ ቀናት ብዙ ዓሣ ወደ ላይ ያልፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ምሳሌ የዩሮክ ሕዝብ በክላማት ወንዝ ላይ በኬፔል ይሠራው የነበረው አጥር ነው፤ ዋተርማንና ክሮበር በ1938 ገልጸውታል። ዐሥር ቀን ይሠራል፣ ዐሥር ቀን ይጠመድበታል፣ ከዚያ ይፈርሳል። ያን የሚያህል ሥራ ለዐሥር ቀን! ከላይ ደግሞ የካሩክና የሁፓ ሕዝቦች ዓሣውን ይጠብቃሉ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ፈጽሞ ተማርኬ ነበር፤ ለጓደኛዬም መልስ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ቅር አለኝ። አንድ ሥርዓት ዓሣን ቢጠቅም፣ የተሠራው ለዚያ ነው ማለት አይደለም፤ የእኛ ጾም ለከብቶቻችን ዕረፍት ይሰጣል፣ ስለ ከብቶች ተብሎ ግን አልተደነገገም። ሼፐርድ ክሬችም በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ሁሉ በባሕርያቸው የተፈጥሮ ጠባቂዎች አድርጎ መሣል እነርሱን ሰው ከመሆን ማውጣት ነው ያለው በዚህ ረገድ ይሰማማኛል። ቅዱስ አድርጎ መሣል ሌላው የንቀት መልክ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ሥርዓት ለምን በዚህ ወንዝ ተገኝቶ በዚያ እንደ ጠፋ፣ ለምን ዐሥር ቀን ሆኖ ሃያ እንዳልሆነ እምነት ብቻውን አይነግረንም። የኬፔልን ዐሥር ቀን የሚያስረዳኝ የዩሮክ እምነት ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚጠብቁት ጎረቤቶችም ናቸው።

በበኩሌ ሦስቱም ወገኖች አንድ ቀላል ጥያቄ የዘለሉ ይመስለኛል፤ ዓሣው የተያዘው የት ነው? የመጀመሪያዎቹ የዓሣውን ብዛት ቆጠሩ፤ ሁለተኞቹ የሰውን፤ ሦስተኞቹ ልቡናውን መረመሩ። መረቡ በምን ስፍራ እንደ ተጣለና ከበላዩ ማን እንደ ነበረ ግን እንደ ትንሽ ነገር ታለፈ።

ይህ አሳብ ከእኔ የመነጨ አይደለም፤ ተበታትኖ ያለውን ሰብስቤዋለሁ እንጂ። በ1954 ስኮት ጎርደን የተባለ የካናዳ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ ባለቤት በሌለው ባሕር ውስጥ አጥማጆች ትርፋቸውን እስኪያጡ ድረስ እንደሚሻሙ የሚያስረዳ የታወቀ ጽሑፍ አወጣ። ብዙዎች ይጠቅሱታል፤ ብዙዎች ግን አንዱን አንቀጽ ይዘሉታል። በዚያ አንቀጽ ጎርደን ረጅም ዘመን የኖሩ ጥንታውያን ሕዝቦች የጋራ ሀብትን አደጋ ዐውቀው መከላከያ ሥርዓት ያበጁ እንደሚመስሉ ጽፏል። ጋሬት ሃርዲን በ1968 የጋራ ሀብት ሁሉ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ሲጽፍ ይህን ልብ ሳይል ቀርቶ ዓለምን አሳመነ። ኤሊኖር ኦስትሮም ተቃራኒውን በማስረጃ ለማሳየት እስከ 1990 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ሮበርት ሂግስ ደግሞ በ1982 ስለ ዋሽንግተን ጠቅላይ ግዛት ሲጽፍ ነገሩን ከወጪ አኳያ አየው። ሳልሞን በራሱ እግር ወደ ቤት የሚመጣ ሀብት ነው፤ በወንዝ አፍና በወንዝ ውስጥ ቆሞ መቀበል እጅግ ርካሽ ነው። ሕጉ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ በወንዝ ያለውን ርካሽ መሣሪያ እየከለከለ፣ አጥማጁን በጀልባና በነዳጅ ወደ ባሕር አባረረው። ሂግስ ይህን በሕግ የመጣ የኋሊት ጉዞ ይለዋል።

በመጨረሻም በ2021 ጄሲ ሞሪንና ባልደረቦቹ በዛሬዋ ቫንኩቨር አጠገብ ከሚገኘው ከጽለይል-ዋቱት ሕዝብ ጥንታዊ ስፍራዎች የተገኘውን የቻም ሳልሞን አጥንት ጾታ በዘር ምርመራ ለይተው፣ ከተያዙት ውስጥ ወንዶቹ እንደሚበዙ አሳይተዋል። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ፣ ወንዱን መርጦ መያዝ የእንቁላሉን ብዛት አይቀንስም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምርጫ በባሕር ለማድረግ ይቻላልን? ወደ መውለጃው ሲቃረብ የወንዱ ቻም አፍ ይቆለመማል፤ በወንዝ አጥር ውስጥ በሕይወት እያለ ይታያል፣ ሴቷም ትለቀቃለች። በባሕር መረብ በጉንጩ ተይዞ የሞተ ዓሣ ግን ወንድ ቢሆን ሴት ቢሆን ያው ሞቷል። ዕውቀቱ ከስፍራው አይለይም።

የ1855ን ውል ያደረጉት የዋሽንግተን ነባር ሕዝቦች ይህን ያወቁ ይመስላል። በውሉ ያስጠበቁት የዓሣ ብዛት አልነበረም፤ በተለመዱት ስፍራዎቻቸው የማጥመድ መብት ነው። ዳኛ ቦልት በ1974 ሊያዝ ከሚገባው ዓሣ ግማሹ የእነርሱ ነው ብሎ ፈረደ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 አጸናው፤ ታላቅ ፍርድ ነው። ቁጥር ግን ስፍራን አይተካም። መጋቢት 10 ቀን 1957 የዳልስ ግድብ ተዘግቶ የሴላይሎ ፏፏቴ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በውሃ ተዋጠ። ሰዎች ከዓለቱ ላይ በእንጨት መቆሚያ ተንጠልጥለው ረጅም እጀታ ባለው መረብ የሚያጠምዱበት ስፍራ ነበር። ለዓሣው መውጫ ደረጃ ተሠርቶለታል። ለሰዎቹ ስፍራ አልተሠራም።

አሁን በራሴ አሳብ ላይ ልፍረድ፤ ሁለት ነገሮች ያስቸግሩኛልና። የአላስካ ፋብሪካዎች በጠረፍ ላይ የተተከሉ ታላላቅ ወጥመዶች ነበሯቸው። ስፍራቸው የታወቀ፣ ወጪያቸው ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ዓሣውን ስላራቆቱ የአገሩ ሰው ጠላቸው፣ አላስካ በ1959 የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ስትሆንም ታገዱ። ሁለተኛው ወደ እኛው ይቀርባል። ጣና ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች አሉት፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ወደ ላይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። በደንገል ታንኳ ሲጠመድ በኖረው ሐይቅ ላይ በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳዩትም በዐሥር ዓመት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር ወደ ሦስት አራተኛ ቀነሰ። ዋና ምክንያት ያደረጉት በመውለጃው ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ የሚደረገውን ማጥመድ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር መቆም ብቻውን አያድንም። ሩቅ ተቀምጦ የሚያዝ የወጥመድ ባለቤት፣ ወይም ከወንዙ አፍ በላይ ምን እንደ ተረፈ የማይመለከተው አጥማጅ ካለ፣ ስፍራው ራሱ የማረጃ በር ይሆናል። በዩሮክ አጥርና በአላስካ ወጥመድ መካከል ያለው ልዩነት እንጨቱ አይደለም፤ ከላይ ያለው ጎረቤት «የእኔስ?» ብሎ ሊመጣ መቻሉ ነው። ሮናልድ ትሮስፐር በ2002 ስለ ፖትላች የጻፈውም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የወንዙ አለቃ ያገኘውን በአደባባይ ለማካፈል ስለሚገደድ፣ ስፍራውን ያራቆተ አለቃ ስሙን ያጣል።

እንግዲህ ወደ ፈረሰው አጥር። በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ወደ ስኪና ወንዝ የሚገባው የባቢን ወንዝ የሶክአይ ሳልሞን ታላቅ መውለጃ ወዳለው ወደ ባቢን ሐይቅ ያደርሳል። የሐይቁ ሰዎች በወንዙ ላይ አጥር ሠርተው ያጠምዱ ነበር። ከ1877 ጀምሮ በስኪና አፍ የቆርቆሮ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ዓሣው ሲያንስ የፋብሪካ ሰዎች ጥፋቱ የባቢን አጥር ነው አሉ። በ1904 የመንግሥት የዓሣ ተቆጣጣሪ ወደዚያ ወጥቶ አጥሩንና በደረቀ ዓሣ የተሞሉትን ቤቶች አየ፤ ይህ ሁሉ ዓሣ ወደ መውለጃው ሳይደርስ ቀረ ብሎ ደነገጠ፤ አጥሮቹም እንዲፈርሱ አደረገ። ሰዎቹ መልሰው ሠሩ፤ በ1906 ግጭት ሆነ፣ ሰዎችም ታሰሩ። በዚያው ዓመት ሁለት አለቆች እስከ ኦታዋ ተጓዙ። አብሯቸው የሄደው ኒኮላ ኮኮላ የተባለ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነው፤ የሚስዮን ተማሪ እንደ መሆኔ እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ሰውዬው ረዳቸው ወይስ አግባባቸው እያልሁ። የስምምነቱ ፍጻሜ አጥሩን ትተው መረብ እንዲቀበሉ ሆነ።

ዳግላስ ሃሪስ ይህን ታሪክ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ጽፎታል፤ ከእርሱ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እርሱ የሚያየው በተለይ የሕግን ግጭት ነው፤ እኔ ግን የሁለት ዕውቀት ግጭትም አይበታለሁ። ተቆጣጣሪው በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ የተከማቸውን ዓሣ አየ፤ በወንዙ አፍ በመቶ ጀልባ ተበታትኖ የሚሞተውን ግን በአንድ ዓይን ሊያየው የሚችል ሰው አልነበረም። የሚታየው ተከሰሰ፤ የማይታየው ነጻ ወጣ። የሐይቁ ሰዎች መልስ አጭር ነበር፤ አባቶቻችን በዚህ አጥር ሲያጠምዱ ኖረዋል፣ ዓሣው ያነሰው ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ ድንቁርና ተብሎ ታለፈ።

ከ1913 ጀምሮ በስኪና ከተያዘው ሶክአይ የተሰበሰበ የዓሣ ቅርፊት በወረቀት ተለጥፎ ተቀምጦ ነበር። ማይክል ፕራይስና ባልደረቦቹ በ2019 ከዚያ ቅርፊት የየዘሩን ማንነት ለይተው፣ በተፈጥሮ የሚራቡት የስኪና ሶክአይ ዘሮች ከዚያ ዘመን ወዲህ እጅግ ማነሳቸውን አስታውቀዋል። በባቢን ወንዝም ላይ በ1940ዎቹ የመንግሥት ተመራማሪዎች ከዳር እስከ ዳር አንድ አጥር ሠሩ፤ ሳልሞኑ በጠባብ በር እያለፈ አንድ በአንድ እንዲቆጠር ነው። ስንት ዓሣ ወደ ሐይቁ እንደ ደረሰ በእርግጥ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኙም።